ምጣድ ሻጯ ምን ዕዳ አለባት?

ከቁም ሣጥናችን ራስ ላይ አንድ የካርቶን ሣጥን ተቀምጦ ኖሯል። ከማስተማር ሥራዬ ስሰናበት ይዤው የወጣሁት ሀብት እሱ ነው። ባለቤቴ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ቤቱ ሲጸዳ «ይኼ ነገር ዘንድሮም ይቀመጥ?» ትለኛለች። እኔም በየዓመቱ «ይቀመጥ» እላለሁ። አቧራው ይጠረግለትና ወደ ቦታው ይመለሳል። ውስጡ ሁለት ነገር ነው ያለው፤ በእጄ የጻፍኳቸው የማስተማሪያ ማስታወሻዎችና እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በኮምፒዩተር የተየብኳቸውን ጽሑፎች የያዘ አንድ ሲዲ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።)

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ሊጠይቀኝ መጥቶ ሳለ ሣጥኑን አወረድነው። ልጁ የኮምፒዩተር ሰው ነው። ቀን ለእንጀራው በአንድ መሥሪያ ቤት ይሠራል፤ ማታ ማታ ደግሞ ማንም የማይከፍለውን ሌላ ሥራ ይሠራል። ስለዚያ ሥራ ኋላ እመጣበታለሁ። ሲዲውን ሰጠሁትና «እስቲ ክፈትልኝ፤ ስለ ቅኔ የጻፍኩት ረዘም ያለ መጣጥፍ አለ» አልኩት። ፋይሉ ተከፈተ። ግን አማርኛ አልነበረም። የእንግሊዝኛ ፊደል፣ የዶላር ምልክት፣ ኮከብና ቅንፍ ተደበላልቆ ገጹን ሞልቶታል። የገዛ ልጄ በማላውቀው ቋንቋ ያናገረኝ መሰለኝ።

ነገሩ በዚያ ዘመን በኮምፒዩተር አማርኛ ለጻፈ ሰው እንግዳ አይደለም። ያን ጊዜ የፊደላችንን ሶፍትዌር የሚሠራ ሁሉ ለ«ሀ» የራሱን ቁጥር፣ ለ«ሁ» የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ በ1999 ለፊደላችን አንድ የጋራ ቁጥር ሰጠው፤ ከዚያ በፊት የተጻፈው ግን በየቤቱ ተቆልፎ ቀረ። የኔን መጣጥፍ የጻፍኩበት ሶፍትዌር ዛሬ ገበያ ላይ የለም። ሐሳቡ የኔ ነው፤ ድካሙ የኔ ነው፤ ሲዲው እንኳ በገንዘቤ የገዛሁት ነው። ቁልፉ ግን የኔ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር፣ የኔ አለመሆኑን እስከዚያች ቀን አስቤው አላውቅም።

ልጁ አልደነገጠም። «በወረቀት የታተመ ቅጂ አለዎት ጋሼ?» አለኝ። ነበረኝ። ወረቀቱንና ፋይሉን ጎን ለጎን አስቀመጠና መቁጠር ጀመረ። ወረቀቱ «ቅኔ» በሚልበት ቦታ ፋይሉ ላይ ምን ምልክት አለ? ያው ምልክት ሌላ ቦታ ሲመጣ ወረቀቱ ላይ ምን ተጽፏል? እንዲህ እያለ አንድ ባንድ ሰንጠረዥ ሠራ። በሁለተኛው ማታ መጣጥፌ በአማርኛ ቁጭ አለ። ሻምፖልዮን የተባለው ፈረንሳዊ በ1822 የጥንት ግብፆችን ጽሕፈት የፈታው አንድ ቃል በሁለት ቋንቋ የተቀረጸበትን ድንጋይ እያስተያየ ነበር። እኔ ሳሎን ውስጥም የሆነው ያው ነው፤ ልዩነቱ ፈርዖኑ እኔ መሆኔ ነው።

«ይኼን ማን አስተማረህ?» አልኩት።

«የማታ ሥራዬ ይኼው አይደል እንዴ?»

ያን ማታ ስለ ሥራው በወጉ ጠየቅሁት፤ እሱም በትዕግሥት አስረዳኝ። እንደገባኝ ላስረዳ።

ኮምፒዩተር ውስጥ ግራፊክስ ካርድ የሚባል ክፍል አለ። የማሽኑ ሠዓሊ በሉት። በስፋት የሚሠራበት አንድ ስክሪን 1,920 በ1,080 ነጥቦች አሉት፤ ሲባዛ 2,073,600 ነጥብ ነው። ምስሉ በሴኮንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ከሆነ፣ በየሴኮንዱ ከ124 ሚሊዮን ጊዜ በላይ «ይህች ነጥብ ምን ቀለም ትያዝ?» የሚል ጥያቄ መልስ ያገኛል። መልሱን የሚወስነው ሼደር የሚባል አጭር መመሪያ ነው። መመሪያውን የሚጽፈው ሰው ሰው በሚያነበው ቋንቋ ይጽፈዋል፤ ካርዱ ግን የሚሰማው የራሱን ቋንቋ ብቻ ነው። ኢንቴል አንድ ዓይነት፣ ኤኤምዲ ሌላ ዓይነት፣ ኤንቪዲያ ሌላ ዓይነት ይናገራል። እዚያው ኩባንያ ቤት እንኳ የዘንድሮው ካርድ የአምናውን አፍ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ መሐል ላይ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ካርዱን ከተቀረው ማሽን ጋር የሚያገናኘው ድራይቨር ይባላል፤ ድራይቨሩ ውስጥ ተቀምጦ መመሪያውን ወደ ካርዱ ቋንቋ የሚመልሰው ደግሞ ኮምፓይለር። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና የትርጉም ሥራ መሆኑ ሲገባኝ ደስ አለኝ። ክፉ ተርጓሚ ትክክለኛውን ነገር በተንዛዛ ቋንቋ ይላል፤ ካርዱም ይንቀራፈፋል። ደግ ተርጓሚ እዚያው ሐሳብ ላይ በአጭሩ ይደርሳል።

ጭንቁ ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ብዙ አምራቾች የካርዳቸውን ቋንቋ ሰዋስው ለማንም አያሳዩም ነበር፤ ዛሬም የማያሳዩ አሉ። የራሳቸውን አስተርጓሚ አብረው ይሰጣሉ፤ አስተርጓሚው እንዴት እንደሚሠራ ግን ተዘግቷል። ስለዚህ የእህቴን ልጅ የመሳሰሉ ሰዎች ቋንቋውን ከዕቃው ላይ ይማሩታል። አንዲት አጭር መመሪያ ይጽፉና ለኩባንያው አስተርጓሚ ይሰጡታል። የሚወጣውን የዜሮና የአንድ ድርድር ይመዘግባሉ። መደመሩን ወደ ማባዛት ይለውጡና እንደገና ይሰጣሉ። የትኛዋ ምልክት ተለወጠች? እሷ የማባዛት ምልክት ናት ማለት ነው። ይኼን በሺህ ጊዜ ደጋግመው መዝገበ ቃላት ያበጃሉ፤ ከዚያም የራሳቸውን አስተርጓሚ ጽፈው ለዓለም ሁሉ በነፃ ይለቃሉ።

ሻምፖልዮን ከዚህ ልጅ በአንድ ነገር ይሻላል። ጸሐፍቱ ሞተውበታል፤ ቢጠይቅ የሚመልስለት የለም። የነዚህ ግን ሰዋስዉን የጻፉት ሰዎች በሕይወት አሉ፤ መጽሐፉም ቁልፍ ያለው መሳቢያ ውስጥ አለ። ልጆቹ ሌሊቱን ሙሉ የሚፈልጉት ሌላ ሰው የሚያውቀውን ነገር ነው። ሰው የማይታወቅን ነገር ሲፈልግ ቢደክም ያስከብረዋል። የታወቀን ነገር እንደገና ለማወቅ ዕድሜውን ሲፈጅ ግን «ይኼ ለምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። የዛሬው ጥያቄዬ ይኸው ነው፤ ዕቃ የሸጠልን ሰው የዕቃውን ቋንቋ ሊያስተምረን ግዴታ አለበት ወይስ የለበትም?

ጥያቄው ረዘም ያለ ታሪክ አለው። በ1980 ገደማ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ስቶልማን አዲስ ማተሚያ ማሽን መጣለት። ወረቀት ሲቀረቀርበት ለተጠቃሚዎቹ መልእክት እንዲልክ ሊያስተካክለው ፈለገ፤ የቀድሞውን እንዲሁ አስተካክሎት ነበር። የአዲሱ ፕሮግራም ግን ዝግ ነው። ፕሮግራሙ በእጁ ያለ አንድ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ዘንድ ሄዶ ቢጠይቀው፣ ሰውየው «ለማንም ላልሰጥ ቃል ገብቻለሁ» ብሎ መለሰው። ስቶልማን ይህን ደጋግሞ ተርኮታል። ሰውየው ለአንድ ኩባንያ የገባው ቃል ለሌላው ሁሉ እምቢታ ሆነ። በመስከረም 1983 ስቶልማን ነፃ ሶፍትዌር የመጻፍ ዘመቻውን አስታወቀ። በ1993 ደግሞ ብራያን ፖል የተባለ ሰው በትርፍ ጊዜው ሜሳ የተሰኘውን የግራፊክስ ሶፍትዌር ጀመረ፤ በ1995 ለሕዝብ አወጣው። ዛሬ የክፍት ድራይቨሮቹና የኮምፓይለሮቹ ትልቁ ቤት ይኼው ሜሳ ነው።

መንገዱ ሁልጊዜ ሰላማዊ አልነበረም። በ2005 ፈቃደኞች ለኤንቪዲያ ካርዶች ኑቮ የተባለ ክፍት ድራይቨር ጀመሩ፤ የኩባንያው ድራይቨር ለካርዱ የሚያንሾካሹክለትን እያዳመጡ ነው የሠሩት። ከ2014 ወዲህ በወጡ ካርዶች ላይ ግን ኩባንያው አንድ ነገር ጨመረ፤ የካርዱ የውስጥ ሶፍትዌር የኩባንያው ፊርማ ከሌለበት አይጫንም። ስለዚህ የፈቃደኞቹ ድራይቨር ቢሠራም ካርዱ ሲነሣ በነበረበት ዝቅተኛ ፍጥነት ላይ ቀረ። ዕቃው የርስዎ ነው፤ መሮጥ ግን ያለኔ ፊርማ አይችልም እንደ ማለት ነው። የሊኑክስ አባት ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2012 ፊንላንድ ውስጥ ተማሪዎች ፊት ቆሞ ለዚሁ ኩባንያ የመሐል ጣቱን ማሳየቱን ብዙ ሰው አይቶታል። እኔ መምህር ስለነበርኩ ጣቱን አላጸድቅለትም። ንዴቱ ግን ይገባኛል። በ2022 ኤንቪዲያ የድራይቨሩን አንዱን ክፍል፣ ከሊኑክስ ልብ ጋር የሚገናኘውን፣ ክፍት አደረገ፤ ሌላው ክፍልና የካርዱ የውስጥ ሶፍትዌር ዝግ እንደሆኑ ቀሩ። ያም ሆኖ ከ2018 ወዲህ ለወጡት ካርዶች በሩ ገርበብ አለና፣ ፈቃደኞችና ቅጥረኛ ባለሙያዎች አዲስ ድራይቨርና አዲስ ኮምፓይለር ጽፈው ሜሳ ውስጥ አስገቡ።

አሁን ለሌላው ወገን እንሟገትለት፤ ጠበቃ የሌለው ክርክር አልወድም። ኩባንያው እንዲህ ይላል፦ «ይኼን ካርድ ለመሥራት ብዙ ሺህ ሰው ዓመታት ደክሟል። ብልሃቴን ብገልጥ ተፎካካሪዬ ይወስደዋል። የሸጥኩልህ ዕቃውን እንጂ ጭንቅላቴን አይደለም።» እውነት አለው። ሰው የድካሙን ፍሬ መጠበቁ ኃጢአት አይደለም። ሁሉን ግለጥ የሚል ሕግ ቢወጣ የሚደክም ይጠፋል።

ግን እስቲ ወደ ሸክላ ገበያ እንውረድ። ምጣድ የምትሸጥ ሴት አፈሩን ከየት እንደምታመጣ፣ በምን መጠን እንደምታቡካው፣ እንዴት እንደምታቃጥለው ልትነግረኝ አይገባትም። የእጇ ምስጢር ነው፤ ከእናቷ የወረሰችው፣ ልጆቿን የምታሳድግበት ነው። ምጣዱን ገዝቼ ስሄድ ግን እንዴት እንደማሟሸው ብጠይቃት ትነግረኛለች። በጎመን ዘር እሺ፣ በዝግታ ሙቀት። ይኼን ብትደብቀኝ ምጣዱ ይዞብኝ እንጀራው አልወጣ ይላል። «ማሟሸቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ እንጀራ በፈለግህ ቁጥር ምጣዱን ወደኔ ይዘህ ና» ብትለኝ ግን ምጣድ አልሸጠችልኝም፤ አከራየችኝ እንጂ። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ምስጢር አለ፤ ዕቃው የሚሠራበት ምስጢርና ዕቃው የሚታዘዝበት ምስጢር። የመጀመሪያው የሻጭ ነው። ሁለተኛው ግን ከዕቃው ጋር አብሮ ይሸጣል፤ ያለሱ ዕቃው ዕቃ አይደለምና።

ይኼን ለልጁ ስነግረው ሳቀና «ኩባንያዎቹ ሁለቱ አይነጣጠሉም ይላሉ ጋሼ» አለኝ። ቋንቋውን ያወቀ የአሠራሩን ብልሃት ይደርስበታል ነው ስጋቱ። የሚሰነብት ስጋት አይመስለኝም፤ ምክንያቱም ተሞክሯል። ኤኤምዲ በ2006 ኤቲአይ የተባለውን የግራፊክስ ኩባንያ ከገዛ በኋላ በ2007 የካርዶቹን የቴክኒክ ሰነድ ለሕዝብ ማውጣት ጀመረ። ሰማይ አልተደፋም፤ ኩባንያውም ዛሬ ድረስ ካርድ ይሸጣል። ኢንቴልም ለሊኑክስ የሚሰጠው ድራይቨር ክፍት ከሆነ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ተፎካካሪ ካርድ የሚቀዳው ሰዋስው አንብቦ አይደለም። ሰዋስው ማወቅ ብቻውን ቢበቃማ እኔ ባለቅኔ በሆንኩ ነበር።

ሌላም ክርክር አለ፦ «ስትገዛ ውሉን ተቀብለሃል፤ ማን አስገደደህ?» ይኼ ክርክር በመጀመሪያው ገዢ ላይ ይሠራ ይሆናል። ዕቃ ግን ከመጀመሪያው ገዢ ጋር አይሞትም። አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ሰው ነው ከውጭ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛው? ስንት ትምህርት ቤት ነው በእርዳታ በመጣ ኮምፒዩተር የሚያስተምረው? እነዚህ ሰዎች ምንም ውል አልተዋዋሉም። አምራቹ አንድ ቀን «ይህን ካርድ መደገፍ ትቻለሁ» ብሎ ሲያስታውቅ ማሽኑ በእጃቸው ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። በ2002 የወጣው የኤቲአይ ራዲዮን 9700 የተባለ ካርድ ነበር፤ የዚያን ትውልድ ካርዶች ኩባንያው በ2009 ከዋናው የድራይቨር ሥራው አወጣቸው። በሜሳ ውስጥ ያለው ክፍት ድራይቨር ግን ከሃያ ዓመት በኋላም ኮምፓይለሩን የሚያሻሽልለት ፈቃደኛ አላጣም። አምራቹ የተወው ዕቃ ሠፈሩ አነሣው። ቋንቋው ባይታወቅ ኖሮ የሚነሣበት እጀታ አይኖረውም ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ «እነዚህ ሁሉ ቅዱሳን ናቸው እንዴ?» ሊለኝ ይችላል። አይደሉም። ዛሬ ሜሳ ላይ ከሚሠራው ብዙው ደሞዝተኛ ነው፤ ኢንቴል፣ ኤኤምዲ፣ የቪዲዮ ጨዋታ ሻጩ ቫልቭና ሌሎችም ይከፍሉታል። ቫልቭ በ2019 ለኤኤምዲ ካርዶች አዲስ የሼደር ኮምፓይለር ያስጻፈው ጨዋታው እንዳይንቀራፈፍበት ነው እንጂ ነፍሱን ለማዳን አይደለም። ካንት በ1785 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ አንድ ባለሱቅ ያነሣል፤ ባለሱቁ ሕፃን ቢመጣበትም ዋጋ አይጨምርም፤ የማይጨምረው ግን ደንበኛ እንዳይሸሽበት ነው። ካንት «ሥራው ትክክል ነው፤ ምግባራዊ ዋጋ ግን የለውም» ይላል። ሳስተምር ይኼን ለተማሪ ስናገር ሁልጊዜ አንዱ እጁን ያወጣና «ለሕፃኑ ግን ምን ለየው?» ይለኝ ነበር። ለሕፃኑ የሚለየው ነገር አለ። ለጥቅም ሲል ያልጨመረ ሰው ጥቅሙ የተለወጠ ቀን ይጨምራል።

የክፍት ሶፍትዌር ብልሃት የገባኝ እዚህ ላይ ነው። አንዴ በፈቃድ ደብዳቤ የተሰጠው ነገር ተመልሶ አይወሰድም። ኩባንያው ነገ ሐሳቡን ቢለውጥ የነገውን ሥራውን ይዘጋ ይሆናል፤ የዛሬውን ግን ሊዘጋው አይችልም፤ በሺዎች እጅ ገብቷል። የብራና መጻሕፍቶቻችን መጨረሻ ላይ «የሰረቀው የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን» የሚል መንፈስ ያለው ግዝት ይጻፍ የነበረው ለዚህ ነው። መጽሐፉን የሰጠው ሰው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ሐሳቡን ቢለውጥስ? ሰጪውን ደግ ማድረግ አንችልም፤ ስጦታውን ግን ከሰጪው ጠባይ ነፃ ማውጣት እንችላለን። ማኅበረሰብ በሰው ደግነት ብቻ አይቆምም። ደግነቱ ሲያልቅም በሚቀር ነገር ነው የሚቆመው።

ታዲያ ተቀባዩ ምንም ዕዳ የለበትም? አለበት፤ እንዲያውም ዛሬ ብዙ የሚያሳዝነኝ እዚህ ላይ ያለው ነው። አሊሳ ሮዘንዝዋይግ የተባለች ወጣት ገና ዩኒቨርሲቲ ሳትገባ ማሊ የሚባሉትን፣ በብዙ ስልኮች ውስጥ ያሉትን የግራፊክስ ክፍሎች ቋንቋ መፍታት ጀመረች፤ ሥራው በ2019 ሜሳ ውስጥ ገባ። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ አፕል ምንም ሰነድ ያልሰጠበትን ኤም1 የተባለ ቺፕ ይዛ ኮምፓይለሩን ከባዶ ጻፈች። በ2023 እሷና ባልደረቦቿ ለዚያ ቺፕ የጻፉት ድራይቨር ዓለም አቀፉን የግራፊክስ ደረጃ ፈተና አለፈ። ለዚያ ቺፕ ይኼን ፈተና በማለፍ የመጀመሪያው ነበር፤ የአፕል የራሱ እንኳ አልነበረም። ምን ያህል ምስጋና ያገኙ ይመስላችኋል? ምስጋናም ነበረ። ግን ያን ፕሮጀክት የመሠረተው ሰው በየካቲት 2025 መሪነቱን ሲለቅ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ ድካም፣ ሌላው የተጠቃሚው ማለቂያ የሌለው «ይኼስ መቼ ነው የሚሠራው?» ነበር።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ጥሩ አባባል ነው። ነገር ግን ሃምሳዎቹ ዳር ቆመው አንዱን ተሸካሚ «ቶሎ በል እንጂ» የሚሉበት ጊዜ ብዙ ነው። በነፃ የሰጠ ሰው ነገም እንዲሰጥ አይገደድም። የተቀበለ ሰው ግን ቢያንስ ሁለት ነገር ይገደዳል፤ ማመስገንና ከቻለ አንዲቱን ሎሚ ማንሣት። ሲነሣ ደግሞ ምን እንደሚሆን በዚያው በ2025 ታይቷል። ኤኤምዲ ለሊኑክስ የራሱን የቩልካን ድራይቨር ሲሠራ ቆይቶ ነበር፤ ከኩባንያው ውጭ ያሉ ሰዎች ደግሞ የኩባንያው ቢዘገይባቸው በ2016 ራድቪ የተባለ የራሳቸውን ጀምረው ነበር። የውጪዎቹ በለጠ። ኩባንያው የራሱን አቆመና «ከእንግዲህ የናንተን ነው የምደግፈው» አለ። ባለቤት ቤቱን የሠራለትን ጎረቤት ሲያመሰግን ማየት ደስ ይላል።

ይኼን ሁሉ እየጻፍኩ በሰው ላይ ስፈርድ ቆየሁ። አሁን ወደ ሣጥኑ ልመለስ፤ ሁለተኛውን ነገር ሆን ብዬ አዘግይቼዋለሁ።

በአገራችን መድኃኒት አዋቂ የሚባሉ ሰዎች አሉ። ሥሩን ቅጠሉን ያውቃሉ፤ ግን ለልጃቸው እንኳ ሳይነግሩ ይዘውት የሚቀበሩ አሉ። ወጣት ሳለሁ ይህን ባሰብኩ ቁጥር እናደድ ነበር። ስንት ሰው የሚያድን እውቀት ጉድጓድ ገባ እል ነበር።

ከብዙ ዓመት በፊት፣ ከማስተማሩ ልወጣ ስል፣ ኮርሴን የተረከበች አንዲት ወጣት መምህርት «ጋሼ፣ የቅኔ ማስታወሻዎችዎን ላንብባቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ተበታትነዋል፤ ሰብስቤ እሰጥሻለሁ» አልኳት። አልተበታተኑም ነበር። በካርቶን ሣጥን በቅደም ተከተል ተቀምጠዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግማ ጠየቀችኝ፤ ያንኑ መለስኩ። ሦስተኛ አልጠየቀችም። ለምን አልሰጠኋትም? ያን ጊዜ «መጽሐፍ ላደርጋቸው ነው» ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ። መጽሐፉ አልተጻፈም። እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው፤ ያን ማስታወሻ የያዘ ሰው እኔን አይፈልገኝም ብዬ ፈርቼ ነው። እንጀራ በፈለጉ ቁጥር ምጣዱን ወደኔ ይዘው እንዲመጡ ፈለግሁ።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ደግሞ ይኼ ነው። በማስታወሻው ውስጥ ካለው ግማሹ የኔ አይደለም። አንድ አረጋዊ የቅኔ መምህር ደጃፋቸው ላይ አስቀምጠው ሰምና ወርቁን እየፈለቀቁ ያስረዱኝ ነው። የቡና ዋጋ እንኳ አልጠየቁኝም። እሳቸውም በልጅነታቸው ቁራሽ እየለመኑ የተማሩት ከሌላ መምህር በነፃ ነው። ስንት ዘመን እጅ ለእጅ ሲቀባበል የመጣ ስጦታ እኔ ዘንድ ሲደርስ ሣጥን ገባ። ኩባንያው ቢያንስ የደበቀው ራሱ የደከመበትን ነው።

የእህቴ ልጅ ማስታወሻዎቹን ገለጥ ገለጥ አደረገና ግራ ተጋባ። ለፍጥነት ብዬ የፈጠርኳቸው ምልክቶች፣ የተቆረጡ ቃላት፣ ወደ ሌላ ገጽ የሚያመለክቱ ቀስቶች ሞልተውበታል። «ጋሼ፣ ይኼም እኮ ከርስዎ በቀር የሚያነበው የለም» አለኝ። ዝም አልኩ። ሲዲዬን ሰው ቆልፎብኝ ነበር፤ ማስታወሻዬን ግን የቆለፍኩት እኔው ነኝ። ያውም የሚያስተያዩት የታተመ ቅጂ የለውም።

በማግሥቱ ስልክ ደወልኩላት። ዛሬ ወጣት አይደለችም፤ የራሷ ተማሪዎች አስተማሪ ሆነዋል። ማስታወሻዎቹ እንዳልተበታተኑ፣ ያን ጊዜም እንዳልተበታተኑ ነገርኳት። ጥቂት ዝም ብላ «አውቅ ነበር» አለችኝ። ከዚያ «አሁንም ያስፈልጉኛል» አለች።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች አብረን እንቀመጣለን። እኔ ምልክቱን እፈታለሁ፤ እሷ ትጽፋለች። አንዳንዱን እኔም ረስቼዋለሁ፤ ያኔ እሷ ከአውዱ ትገምታለች፤ ብዙ ጊዜም ልክ ትሆናለች። የመምህሬን ስም በየገጹ ግርጌ እንድትጽፍ ለምኛታለሁ። እስካሁን ከሣጥኑ ሲሶውን እንኳ አልጨረስንም፤ ዕድሜም እያጠረ ነው።

ባለቤቴ ሣጥኑ የነበረበትን ቦታ ጠርጋ ብርድ ልብስ አስቀምጣበታለች።